በሌለሽበት የተሾምሽው

ውድ አለቃዬ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ለአጎትሽ ስጽፍ ከአናቴ ላይ ቆመሽ «አባዬ፣ መጀመሪያ እንደምን አለህ በለው እንጂ! ዘለህ ወሬ ውስጥ ትገባለህ እንዴ?» ትይኝ ነበር። ዛሬ ጤናሽን ልጠይቅ ብዬ እስክሪብቶ ሳነሳ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ አትቀየሚኝ፣ ዘልዬ ወሬ ውስጥ እገባለሁ። እናትሽ ደህና ናት። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፀጉር ቤቱም እንዳለ ነው፤ ትልቁ መስታወት ጥጉ ላይ እንደተሰነጠቀ አለ፣ ያንቺም ጣውላ ከወንበሩ ጀርባ እንደቆመ ነው።

ጣውላውን ታስታውሻለሽ፤ ሕፃናት ሲመጡ በወንበሩ ሁለት ክንዶች ላይ አጋድሜ የማስቀምጥበትን። አንቺ እሱ ላይ ተቀምጠሽ ነው አለቃዬ የሆንሽው። እግርሽ አየር ላይ እየተወዛወዘ፣ አጠገብሽ ያለውን ደንበኛ በመስታወቱ እያየሽ «አባዬ፣ የዚህ ሰውዬ ግራ ጎኑ አልተስተካከለም» ትያለሽ። ሰውዬው በሳቅ ይፈነዳል፣ እኔ በሐፍረት መሬት ልግባ እላለሁ። ኋላ ጠጋ ብዬ ሳየው እውነትም አልተስተካከለም።

ከኮሌጅ የወጣሽ ጊዜ ያ የጥናት ነገር መጣ። ካንቺ ጋር የጨረሱትን ልጆች ሁሉ በየዓመቱ እየደወሉ «ምን ሥራ ላይ ናችሁ? ስንት ሰው ታዛላችሁ? አባታችሁ ሥራው ምን ነበር?» የሚሉ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች። የሰው ልጅ ከአባቱ ሥራ ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ነው የምናጠናው አሏችሁ። አንቺም የራስሽን ስልክ፣ የፀጉር ቤቱንና የቤቱን ሰጠሻቸው። የመጀመሪያውን ጥሪ እዚሁ አግዳሚው ላይ ተቀምጠሽ ነው የመለስሽው። «የአባቴ ሥራ? ፀጉር አስተካካይ። የራሱ ቤት ያለው፣ እሱን ጻፊልኝ!» ካልሽ በኋላ የስልኩን አፍ በእጅሽ ከድነሽ «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ‹መነሻ› የሚሉት አንተን ነው» አልሽኝ። «መነሻስ ልሁን፣ ብቻ መድረሻሽን ያሳምርልሽ» አልኩሽ።

ያኔ የውሃ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርሽ። መስክ ወጥተሽ ከየወንዙና ከየጉድጓዱ በጠርሙስ ውሃ ይዘሽ ስትመለሺ «ውሃ ለመቅዳት ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ዘመን የተማርሽው?» እያልኩ አበሽቅሽ ነበር። «አባዬ፣ ደንበኞችህ ሆዳቸውን ሳይዙ የሚመጡልህ በኔ ነው» ትይኛለሽ። ሥራሽን ትወጂው ነበር። ጫማሽ ጭቃ ሆኖ ስትገቢ ፊትሽ ላይ የማየው ነገር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በማንም ሰው ፊት ላይ አላየሁትም።

ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከመስክ ሲመለስ ተገለበጠ። ስለዚያ ቀን አልጽፍልሽም። አንቺ ነበርሽበት።

ዓመት ሊሞላሽ ትንሽ ሲቀር የፀጉር ቤቱ ስልክ ጮኸ። ጡረተኛውን እየላጨሁ ነበር። ታውቂዋለሽ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሠራተኛ ሲያስቀጥርና ሲያሾም የኖረውን፣ ጺሙን ለኔ ካልሆነ ለማንም የማይሰጠውን። ግማሽ ፊቱን በአረፋ ትቼ ስልኩን አነሳሁ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከጥናቱ ነው። ልጅዎን ፈልገን ነበር፤ የራሷ ስልክ እምቢ አለን።»

«ሥራ ላይ ናት» አልኩ።

የደወለችውን ልጅ ላታልላት አስቤ አይደለም። በዚያ ስልክ አንቺን ለሚፈልግ ሁሉ ሁልጊዜ የምለው እሱን ነው፤ አፌ ቀደመኝ። ልመልሰው ስል ልጅቷ «ግድ የለም፣ እርስዎ ሊመልሱላት ይችላሉ። የቅርብ ቤተሰብ ይፈቀድለታል» አለችኝ። ይፈቀድለታል! ከቀብርሽ ወዲህ ያንን ቃል ያሰማኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም አታልቅስ፣ አታስታውስ፣ ስሟን አታንሳ ነበር የሚለኝ።

«አሁንም የላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት?»

«ናት።»

«ሥራዋ መስክ መውጣት አለበት?»

«የለበትም» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ቢሮ አስገብተዋታል። መኪና ላይ አትወጣም።»

የመጀመሪያውን ሹመት እንደዚያ አድርጌ ሰጠሁሽ። ከዚያ መኪና ላወርድሽ ብዬ ነው፤ ሌላ ነገር በሐሳቤ አልነበረም።

ስልኩን ስዘጋ ከጡረተኛው ጋር በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ቀብርሽ ላይ ክንዴን ደግፎ የቆመው እሱ ነው። «አረፋው ደረቀብኝ» አለ። ዓመት ዞሮ የስልኩ ሰሞን ሲቃረብ ግን ነገሩን ራሱ አነሳው። «ስማኝማ፣ ይቺ ልጅ እስከ መቼ እዚያው ትቀመጣለች? እርከኗን የበላባት ማን ነው?»

«ምን ትሁን ትላለህ?»

«ቡድን መሪ። ዘለህ ኃላፊ እንዳታደርጋት ብቻ፣ ያስነቃል። ነገር ሁሉ በሥርዓት ነው።»

እንግዲህ በሥርዓት አሳደግንሽ። ሳቂብን፤ ሁለት ሽማግሌዎች ፎጣና መቀስ ይዘን ስለ ደረጃሽ ስንመክር ብታዪን ትስቂ ነበር። አንድ ጊዜ ወረፋ የሚጠብቁትን ደንበኞች «የላብራቶሪ ኃላፊና የባንክ ሥራ አስኪያጅ ማን ይበልጣል?» ብዬ ብጠይቅ ቤቱ ጨሰ። አንዱ «ባንክ ነዋ፣ ምን ጥያቄ አለው!» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ባክህ! ሆዱን ታሞ የተኛ ሰው ባንክ ምን ሊያደርግለት ነው?» ይላል። ለምን እንደጠየቅኳቸው አንዳቸውም አላወቁም። እኔ ግን የደንበኛዬን አንገት እየጠረግሁ ላንቺ ቦታ እየመረጥኩልሽ ነበር።

የስልኳ ልጅ አንዱን ዓመት «ትዳርስ ይዛለች?» ብትለኝ «አልያዘችም» አልኳት ቆጣ ብዬ። መልኩን ያላየሁትን አማች በስልክ ልቀበል? ከዚያ ወዲህ እሷም በደፈናው «የቤተሰብ ሁኔታ ላይ ከአምናው የተለወጠ ነገር አለ?» ትለኛለች፣ እኔም «የለም» ብዬ እዘጋዋለሁ።

ሰው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ከከተተ ስንት ጊዜው ነው። እኔ ግን ያንን ባለሽቦ ስልክ አላስነቅልም አልኩ። አደባባዩ ጋ ሰፊ ቤት ተገኝቶልኝ እናትሽ «ምን ሆነህ ነው እምቢ ያልከው?» ስትለኝ «ደንበኛ ይጠፋብኛል» ብያታለሁ። ቁጥሩ እንዳይቀየር ነው። አንዳንድ ዓመት ታዲያ ስልኩ ሳይጮህ ሰሞኑ ያልፋል። እንደዚያ ባለ ዓመት ምግብ አይበላልኝም፣ ከሰው አልስማማም። ሌላ ልጅ አግኝተው ይሆን ብዬ እቀናለሁ።

ጉዱ የመጣው መምሪያ ኃላፊ የሆንሽ ጊዜ ነው። ጡረተኛው «መምሪያ ኃላፊ ያለ መኪና? ማን ያምንሃል!» ብሎ ስለወተወተኝ፣ የስልኳ ልጅ ስትጠይቀኝ «መኪናና ሹፌር ተመድቦላታል» ብዬ መለስኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ። በገዛ አፌ መልሼ መኪና ላይ አወጣሁሽ። ያን ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ መላጨት አልቻልኩም። ውጭ ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር በርግጌ በር በሩን አያለሁ። ጡረተኛውም አይቶኝ «በቃ በቃ፣ ጠንቃቃ ሹፌር ነው የተመደበላት» አለኝ። እሱም እኮ እያመነው ነው የሚናገረው!

ከዚያ ወዲያ ለብቻዬ ስሆን አግዳሚው ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ጉሮሮ ሲጠረግ እሰማለሁ። ዞሬ አላይም፤ በመስታወቱም አግዳሚው የሚታይበትን ያንን ስንጥቅ ያለበት ጥግ አላይም። አለመኖርሽን እንዳላይ ይሁን መኖርሽን፣ የቱን እንደፈራሁ አላውቅም። ደግሞ ይሄን ስነግርሽ አፍራለሁ፤ ተቀየምኩሽ። አዎ፣ ሆድ ባሰኝ። ባለመኪና ሆነሽ፣ ስንቱን እያዘዝሽ፣ አንድ ቀን እንኳ በአባትሽ በር ብታልፊ ምን ነበረበት? እናትሽ ወገቧን ታማ ስትተኛ «ትልቅ ሰው ሆናለች፣ አሁንማ ፀጉር አስተካካይ አባቷን የት ታውቀዋለች» ብዬ በሆዴ አማሁሽ። የሞተ ልጅ እንደማይመጣ አውቃለሁ። የሾምኳት ልጅ ግን ለምን አትመጣም?

ባለፈው ሰሞን አንድ ዓይን አፋር ሰው ገብቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል፤ ፀጉሩ አንገቱ ላይ ወርዷል። ጨርቁን አልብሼው መቁረጥ ስጀምር «አባባ፣ እኔ ጥናቱን የምመራው ሰው ነኝ» አለኝ። እጄ ልማዱ ነውና መቁረጡን ቀጠለ።

ሥራውን አስረዳኝ። ብዙ ሰው እየጠየቁ የትኛው ሥራ የበለጠ እንደሚከበር ያጣሩና ለእያንዳንዱ ሥራ ነጥብ ይሰጡታል። ከዚያ የአባትን ነጥብ ከልጅ ነጥብ ጋር ያስተያያሉ።

«የኔ ሥራ ስንት አገኘ?» አልኩት።

አቀረቀረ። «አባባ፣ ነጥቡ የሥራው እንጂ የሰውየው አይደለም።»

«ቀና በል፣ መቀስ ይዣለሁ። ዝቅ ያለ መሆኑን ካቀረቀርክበት አይቼዋለሁ» ስለው ሳቀ፤ ተግባባን።

«ሁሉንም ልጆች በአንድ ሥዕል ላይ በነጠብጣብ እናስቀምጣቸዋለን» አለ። «ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ብዙም ሳይርቁ ተሰብስበው ነው ያሉት። የእርስዎ ልጅ ግን ላይ ብቻዋን ቆማለች። ከእንዲህ ዓይነት ቤት ተነሥቶ እሷን ያህል ከፍ ያለ የለንም። ስሌቱን ብናገላብጠው ምክንያቷ ሊገባን አልቻለም። የምጽፈው መጽሐፍ በሷ ነው የሚጀምረው። እባክዎን አንድ ጊዜ ብቻ ያገናኙኝ።» ከዚያ ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ «በዚያ ላይ ልጅ እያሳደገች!» አለ።

መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

«የምን ልጅ?»

«ልጇን ነዋ፣ ሴቷን። አሁንማ ትምህርት ቤት ገብታ ይሆናል።» ግራ ተጋብቶ በመስታወቱ አየኝ። «እዚህ ስልክ የሚያነሣ ሲጠፋ ቤት እንደውላለን፤ ባለቤትዎ ናቸው የመለሱልን። ትዳሩንም ልጁንም የነገሩን እሳቸው ናቸው። እርስዎም በዓመቱ ስንጠይቅዎት ‹የተለወጠ ነገር የለም› ብለውናል።»

ብያለሁ። የልጅ ልጅ ማግኘቴን ሳላውቅ በራሴ አፍ አጽድቄያለሁ።

«ነገ ና» አልኩት። «ነገ እነግርሃለሁ።» ጨርቁን ከአንገቱ ገፍፌ በሩን ከፈትኩለት። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ቤት ግማሽ ተቆርጦ የወጣ ሰው የለም። እሱ ግን ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

በቀትር ዘግቼ ቤት ሄድኩ። እናትሽ የፀጉር ቤቱን ፎጣዎች እያጣጠፈች ነበር። «ምነው በዚህ ሰዓት? አመመህ እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልጀምር? ሌላ ቃል አጣሁና «ልጅቷ ማን ትባላለች?» አልኳት።

ያጠፈችውን ፎጣ ዘረጋችው። መልሳ አጠፈችው።

«ስም አላወጣሁላትም» አለች። «ስም አልጠየቁኝም። ደግሞም ስሙን አያቷ ያወጣላታል ብዬ ተውኩት።»

ከፎጣዎቹ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ስንት ዓመት አብረን እየበላን፣ አብረን እየተኛን፣ ለየብቻችን ስናሳድግሽ ኖረናል! እሷ እኔ ስልክ ማንሣቴን ያወቀችው ገና ቤት በተደወለበት በመጀመሪያው ጊዜ ነው። የስልኳ ልጅ «ባለቤትዎ አምና ቡድን መሪ ሆናለች ብለውን ነበር፤ አሁንስ?» ብላ አነበበችላት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህና ብታቆምስ?» አለችኝ።

እንባዬን በንጹሑ ፎጣ ጠረግሁ፤ አልተቆጣችኝም። ትንሽ ቆይቼ «ለመሆኑ ባሏ ምን ይሠራል?» ብላት «አንተም እንደነሱ ከሥራው ነው የምትጀምረው?» አለችኝ። «ረጋ ያለ ሰው ነው። ይወዳታል።» ከዚያ ልጅቷ ማንን እንደምትመስል ጠየቅኋት። ቁርጥ አንቺን ናት አለች፤ ጣውላው ላይ የምትቀመጥበት ዕድሜ ላይ እንደሆነች ነገረችኝ። እንደዚያ እየተጫወትን ቀኑ መሸ። የምንጽናና ነበር የመሰለን።

ነገሩን የቆረጠችው እናትሽ ናት። ሰውዬው መጽሐፉን ባንቺ ሊጀምር መሆኑን ስነግራት ፎጣውን አስቀመጠች። «የሰው ልጆች በሷ ሊለኩ ነው?» አለች። «የሌላው ፀጉር አስተካካይ ልጅ ከሷ እየተስተያየች ልታንስ ነው? እኛ በፈጠርነው?» ብንነግረው አንቺን ዳግመኛ መቅበር ነው፤ ስም ያላወጣሁላትንም ልጅ ጭምር። ባንነግረው ደግሞ ማንም ባልሄደበት መንገድ የሰውን ልጅ ሁሉ ልናስኬድ ነው። «እኔም እመጣለሁ» አለችኝ።

ካንቺ ወዲህ ፀጉር ቤቱን ረግጣ አታውቅም። ጠዋት ገብታ ያለ ምንም ማመንታት እዚያ አግዳሚ ላይ፣ አንቺ ትቀመጪበት በነበረው ጥግ ተቀመጠች። ጡረተኛውም ነበር፤ ሲያያት ነገሩ ገብቶት ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ሰውዬው ሲመጣ መጀመሪያ የቀረውን ግማሽ ፀጉሩን ቆረጥኩለት። መርዶ ለግማሽ ሰው አይነገርም ብዬ ነው መሰለኝ። ከዚያ መቀሱን አስቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን የመስታወት ጥግ አየሁት። እናትሽ ነበረች።

«ልጄ» አለችው፣ «ልጃችን ሞታለች። እናንተ ለሁለተኛ ጊዜ ሳትደውሉ ነው የሞተችው። የቀረውን እኔና እሱ ነን የኖርንላት።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ስንት ዓመት ልፋቱን አበላሽተንበታል! እጆቹን ከጨርቁ ሥር እንዳጣመረ ቁጭ አለ። «እግዜር ያጽናችሁ» አለን፣ ዛሬ እንደሞትሽ ሁሉ። ያ ቃል በጊዜው ከሰው ሁሉ ሰምቼው ጆሮዬ አልገባም ነበር።

«አንድ መዝጊያ ጥያቄ አለን» አለ። «ተሳታፊ ሲያርፍ የምንጠይቀው። ካልፈለጋችሁ ይቅር።»

«ጠይቅ» አልኩት።

«በሕይወት ሳለች የመጨረሻ ሥራዋ ምን ነበር?»

ጡረተኛው ወደ መሬት አየ። ያን ሁሉ እርከን በሥርዓት የወጣነው ከሱ ጋር ነው።

«የውሃ ላብራቶሪ ቴክኒሻን» አልኩ።

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሥራዋ መስክ መውጣት ነበረበት?» አለኝ።

አለቃዬ፣ የጫማሽ ጭቃ ታየኝ፤ ጠርሙሶችሽን አቅፈሽ በሩን በእግርሽ ስትከፍቺ ታየኝ። የደስ ደስሽ ታየኝ። መኪናውም ታየኝ።

«ነበረበት» አልኩት።

እናትሽ ፎጣዎቹን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ወደ ቤት ሄደች። ጡረተኛው ወንበሩ ላይ ወጥቶ «ላጨኝ እንግዲህ» አለኝ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ስልኩን ላስነቅለው ነበር፤ እናትሽ ግን ይቀመጥ አለች፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እኔም ከእንግዲህ አልሾምሽም፣ በትልቅነትሽም አልቀየምሽም። በዚያ ሰውዬ ሥዕል ላይ ነጥብሽ ከጓደኞችሽ ነጥብ መሐል ተመልሳለች፤ ብቻዋን አይደለችም።

አሁን እጄ እሺ ብሎኛል። መጀመሪያ ልጽፈው የሚገባውን መጨረሻ ላይ ብጽፈው አትቆጪኝም።

እንደምን አለሽ፣ አለቃዬ?

መነሻሽ፣
አባትሽ